ምን ጎደለ የምትባል ውሻ

ውሻ አርቢ የሆንኩት በአማቼ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቬንትሌተር፣ ሬዲዮና ካውያ እየጠገንኩ የምኖር ሰላማዊ ሰው ነበርኩ። ዕድሜ ለሙቀቱ፣ ሥራ ጠፍቶብኝ አያውቅም። የሮቢት ሰው ሬዲዮው ሲበላሽ ወር ይታገሳል። ቬንትሌተሩ ሲቆም ግን ትኩሳት የያዘው ልጅ ይመስል ታቅፎት እየሮጠ ይመጣል። በዚህ ላይ ውሻ ምን ጨመረልህ ብትሉኝ፣ ባለቤቴም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።

አማቼ ሽመልስ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል አይሱዙ ይነዳል። ሹፌር የሚጭነው ዕቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወሬም ይጭናል፣ ለወሬ ደግሞ ሚዛን የለውም። በግንቦት አንድ ቀን ደጃችን ላይ መኪናውን አቁሞ ከጋቢናው አንዲት ትልቅ ውሻ አወረደ።

«ጀርመን ናት» አለኝ። አነጋገሩ ፓስፖርቷን ያየ ይመስል ነበር።

ከዚያ ስብከቱን ጀመረ። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ወዳጁ ቡችላ እየሸጠ ግቢውን በብሎኬት አጥሯል። ሌላው ባጃጅ ገዝቷል። ውሻ ምን ወጪ አላት፣ ትርፍራፊ ነው የምትበላው። በዓመት ሁለቴ ትወልዳለች፤ የኔ ድርሻ ቁጭ ብሎ መቁጠር ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ በመቁጠር የሚያድር ሰው ከመናኸሪያው ተራ አስከባሪ በቀር አይቼ አላውቅም ነበር። እሱም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ሲሰደብ ይውላል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ገመዷን ተቀበልኩ።

ውሻዋ የመጣችው ከላይ፣ ከደብረ ሲና በኩል ነው። ለዚያ ብርድና ጉም የተሠራ ጠጉር ለብሳለች። በርኖሱን እንደደረበ በግንቦት ሮቢት የወረደ የመንዝ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ እሷን አይታችኋል። ምላሷ ደረቷ ድረስ ወርዶ ሽመልስን ታየዋለች። እሱ ግን የቀረውን ጭነት ለማድረስ ተነስቶ ሄዷል።

ባለቤቴ ውብዓለም በሩ ላይ ቆማ ውሻዋን አየች፣ እኔን አየች፣ አሁንም ውሻዋን አየች።

«ሁሉ ሞልቶልን የቀረን ውሻ ነበር» አለች። «እንግዲህ ምን ጎደለ?»

ስሟም በዚያው ምን ጎደለ ሆኖ ቀረ። መቼም በአገራችን የውሻ ስም ለውሻው ተብሎ አይወጣም። ለባል፣ ለአማት፣ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። ፊት ለፊት ቢናገሩት የሚያጣላውን ነገር ውሻው ላይ ጭኖ በአደባባይ መጥራት ነው። አንዲት የማውቃቸው ሴትዮ ውሻቸውን «ሰምተሃል» ብለው ሰይመው ባላቸውን ዕድሜ ልክ በዚያ ስም አስተዳድረዋል። የኛዋ መልእክት ለእኔ የተላከ ነበር፤ በደንብ ደርሶኛል። ችግሩ አጥር ተሻግሮ ለሌላ ሰውም መድረሱ ነው።

ያ ሌላው ሰው ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ማሾ ያመርታሉ፣ ማሾ ይነግዳሉ፤ ቤተሰባቸው ድሮ ከአሊዩ አምባ የመጣ ነጋዴ ነው። ከቤታቸው ጎን አያታቸው በድንጋይ የሠሩት፣ ግድግዳው የክንድ ያህል የሚወፍር መጋዘን አላቸው። በዚህ ከተማ በቀትር ሳያልበው የሚቆም ቤት ከተባለ እሱ ብቻ ነው። አባቴ ሲሞት ከኔ ቀድመው ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። በረመዳን ሾርባቸው በአጥር ላይ ይመጣልናል፤ በእንቁጣጣሽ ዳቧችን በአጥር ላይ ይሄድላቸዋል። ሥጋ አንበላላም እንጂ ሌላውን ሁሉ ስንበላላ የኖርን ሰዎች ነን። ከሳቸው ጋር ከተቀያየምኩ ሮቢት ውስጥ ከማን ጋር ልኖር ነው?

እንግዲህ እኔ በኋላ የሰማሁትን ለእናንተ አሁን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የጋሽ እንድሪስ ማሾ ገና ሲያብብ ዝናቡ ድንገት ቀረ። ያ ትልቅ መጋዘን ባዶውን ከረመ። እሳቸው ኩሩ ሰው ናቸው፤ ለማንም አልተናገሩም፣ እኔም በቬንትሌተር ተጠምጄ አልጠየቅኩም። ይሄኔ ነው እንግዲህ የኔ ድምፅ በየጠዋቱና በየማታው በአጥር ላይ «ምን ጎደለ! ኧረ ምን ጎደለ!» ማለት የጀመረው። ያውም ወደ መስጊድ በሚወጡበት ሰዓት ነው።

እኔ ያየሁት ሰላምታቸው ማጠሩን ብቻ ነው። «እንደምን አደሩ ጋሽ እንድሪስ» ስል «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ። ድሮ ከአልሐምዱሊላህ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይከተል ነበር። ጩኸቷ ረብሿቸው ይሆናል ብዬ ውሻዋን ዝም ለማሰኘት ስሟን አብዝቼ መጥራት ጀመርኩ። አያችሁ፣ ሞኝነት ብቻውን አይመጣም፤ ትጋትንም ይዞ ነው የሚመጣው።

ሰኔ ሲገባ ውሻዋ መብላት አቆመች። የእንስሳት ሐኪሟን ጠራሁ፤ ቀጭን፣ ንግግሯ አጭር የሆነች ልጅ ናት። ጠጉሯን ገልጣ አየችና የደጋ ውሻ ቆላ አምጥቶ እንዲህ መተው ግፍ ነው አለችኝ። ጥላ፣ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ነፋስ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ የትላትል መድኃኒት። ለማራባት ካሰብኳት ደግሞ ለእሷም ለቡችሎቹም በቂ ምግብ፣ ንጹሕ መኝታ፣ ከዚያም ቡችሎቹን በደህና የሚይዝ ሰው መፈለግ። ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማኋት። ሽመልስ «ትርፍራፊ» ያለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። በዚህ ኑሮ ከማን ማዕድ ነው የሚተርፈው? እኛ ቤት ተበልቶ ሲያልቅ የሚተርፈው ሳህኑ ነው።

ጥላውንና ውሃውን አዘጋጀሁ። ነፋሱ ግን አስቸገረኝ። የከተማውን ሁሉ ቬንትሌተር የምጠግነው ሰውዬ ቤቴ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱ ወደ ውሻዋ ሄደ። ውብዓለም በካርቶን ክዳን እያራገበች ትተኛለች፤ በየመሃሉ «ምን ጎደለ» ትላለች፤ ውሻዋን ይሁን እኔን አይታወቅም። ውሻዋ በንፋሱ ፊት አራት እግሯን ዘርግታ ስትተኛ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ትለኝ ነበር። ምግቧንም ጀመረች።

ቀጥሎ የባል ነገር መጣ። ሽመልስ ስልክ ደውሎ ጀውሃ መንገድ ዳር ካለ አንድ ምግብ ቤት ወንድ ጀርመን እንዳለ ነገረኝ። ጊዜዋ ሲደርስ በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ባለባጃጁ ወንበሩን ብቻዋን ስለያዘች የሁለት ሰው ሂሳብ ካልከፈለች አልንቀሳቀስም ብሎ መንገድ ላይ ተከራከርን። እሷ አንገቷን አውጥታ ነፋስ ትበላለች፤ ከርቀት ላያት ባለሥልጣን ትመስላለች።

ጀውሃ ስንደርስ ሙሽራው ከአንድ ተሳቢ መኪና ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተዘርግቶ ተኝቷል። የምግብ ቤቱ ባለቤት እንግዳ ሲመጣ ይነሳል አሉኝ። ምሳ አዘዝኩ፤ አልተነሳም። ሻይ ጠጣሁ፤ አንድ ዓይኑን ገልጦ ምን ጎደለን አየና መልሶ ጨፈነው። የተሳቢው ሹፌር ሞተር ሲያስነሳ ሙሽራው ብድግ አለና እኔም ብድግ አልኩ፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ ሄዶ ከሚቀጥለው ተሳቢ ሥር ተኛ። ባለቤትየው በእጃቸው እያራገቡ፣ በታኅሣሥ፣ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ብመጣ እንደሚሻል መከሩኝ።

ቤታችን ስንደርስ ደግሞ የሮቢት ወንድ ውሻ ሁሉ እድር የተጠራ ይመስል ደጃችን ላይ ተሰብስቦ ነበር። ከሁሉም ፊት የቆመው የልኳንዳው ቤት ውሻ ነው። አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ለዚህም ቦቃ የሚባል ውሻ ነው። አጥሬ የግራር ሾህ ነው፤ በሬን ዘጋሁ፣ ድንጋይ አስደገፍኩ። ጠዋት ስነሳ ቦቃ ግቢዬ ውስጥ፣ በቬንትሌተሬ ፊት፣ ከምን ጎደለ ጎን ተኝቶ አገኘሁት። ለሽመልስ ይህን አልነገርኩትም። ጀውሃ ሄደናል ወይ? ሄደናል። ውሻዋ አረገዘች ወይ? አረገዘች። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል።

እርግዝናዋ ፍልሰታን ይዞ መጣ። ሐኪሟ ሥጋ ነገር አታጓድልባት ብላኛለች። በፍልሰታ ደግሞ የኛ ልኳንዳ ሁሉ ዝግ ነው፤ ቦቃ ራሱ ሳይወድ ይጾማል። ክፍት የሆነው የሙስሊም ሥጋ ቤት ነው። ለውሻ ነው፣ ማን ምን ይለኛል ብዬ ሳንባና አጥንት በስስ ፌስታል አስያዝኩና ወጣሁ። ደሙ በፌስታሉ ላይ ይታያል። በሩ ላይ ባለሥጋ ቤቱ «ሰላም ዓለይኩም» ብሎ ሲሰናበተኝ ልማድ ነውና «ወዓለይኩም ሰላም» አልኩት። ቀና ስል የነፍስ አባታችን መምሬ ጥበቡ ፊቴ ቆመዋል።

መምሬ ፌስታሉን አዩ፣ ሥጋ ቤቱን አዩ፣ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ በሐዘን ድምፅ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ በቤትህ ምን ጎደለ?»

እኔ ደግሞ ስሟ እሳቸው ጋ ድረስ መድረሱ ደስ አለኝ።

«ደህና ናት መምሬ» አልኩ። «አርግዛለች። ሥጋው ለሷ ነው፤ ያለዚህ ሌላ ነገር አትቀምስም።»

መምሬ ፌስታሉን ደግመው አዩና እግዚአብሔር ሁሉን ይችላል ብለው ሄዱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው። ከሰዓት በኋላ ጸበል ይዘው ቤቴ ሄደዋል። ውብዓለምን፣ ልጆቿን ድራ ለልጅ ልጅ የደረሰችውን ሴት፣ እንኳን ደስ አለሽ ብለዋታል። ለእርጉዝ ጾሙ እንደሚቀልላት፣ ብቻ ሥጋው የኛው ባራኪ ያረደው እንዲሆን በርኅራኄ መክረዋታል። እኔ ስገባ በር ላይ ቆማ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀጥታ አላናገረችኝም፤ የምትፈልገውን ለውሻዋ ትነግራታለች። «ምን ጎደለ፣ ጋዝ አልቋል በይው» ትላለች። ውሻዋ ታየኛለች። እኔ ጋዝ ላመጣ እወጣለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጋሽ እንድሪስ ዝምታ እየከበደኝ ነበር፤ በመጨረሻ ደግሞ አንድ ዓርብ መጣ። ጋሽ እንድሪስ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ለጁምዓ ይወጣሉ። ምን ጎደለ በዚህ ሰፈር ካለው ሰው ሁሉ አብልጣ የምትወደው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እሳቸውን ነው። ሆዷን እየጎተተች ሄዳ ቀኝ እጃቸውን ከጣት እስከ አንጓ ላሰቻቸው። እጃቸውን አዩ። እኔን አዩ። ዞረው ተመለሱ። የውሻ ምራቅ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። የዚያን ቀን ኹጥባው፣ የጁምዓው ስብከት፣ አመለጣቸው። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አለው፣ ይቅርታም አለው።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ አንድ ጠዋት ውሻዋ ጠፋች። ቬንትሌተሩ ለባዶ ምንጣፍ ይነፍሳል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። «ምን ጎደለ! ምን ጎደለ!» እያልኩ በየመንገዱ መሮጥ ጀመርኩ። የገበያ ሰው ደግሞ የተጠየቀውን የሚመልስ ጨዋ ሰው ነው። አንዷ «ዘይት» አለችኝ። ሽንኩርት የጫነው ጋሪ ነጂ «ናፍጣ» አለ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው «ጤና ነው ልጄ፣ ሌላውስ ይደረስበታል» አሉኝ። ሰው ሁሉ የጎደለውን እየነገረኝ እኔ የጎደለኝን ሳላገኝ ላብ በላብ ሆኜ ስመለስ፣ ጋሽ እንድሪስ በመጋዘናቸው በር ቆመው ነበር።

«አትጩህ» አሉኝ። «እኔ ዘንድ ናት።»

ተከትያቸው ገባሁ። ውስጡ እንደ ምንጭ ዳር ይቀዘቅዛል። ባዶ የማሾ ከረጢቶች ላይ ምን ጎደለ ተጋድማለች፤ ስድስት ቡችሎች ሆዷ ላይ ተለጥፈዋል። አጠገቧ በጣሳ ውሃ ተቀምጦላታል። ያን ውሃ ሳይ እንባዬ መጣ፤ ማን እንዳስቀመጠው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«አሁኑኑ አወጣታለሁ ጋሽ እንድሪስ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ተው፣ አራስ አይነቀነቅም» አሉ። ቡችሎቹን ቁልቁል እያዩ ቆዩና ሳይዞሩ ተናገሩ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወላሂ በልና እውነቱን ንገረኝ።»

«ወላሂ» አልኩ። መምሬ ጥበቡ በአካባቢው አለመኖራቸው ጠቀመኝ።

«በየጠዋቱ ምን ጎደለ የምትለኝ፣ መጋዘኔ ባዶውን መክረሙን ሰምተህ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስሙን ያወጣችው ውብዓለም መሆኗን፣ ለእኔ የተላከ መሆኑን፣ የማሾውን ነገር ከዚያች ደቂቃ በፊት አለመስማቴን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ጎረቤት ሆኜ አለመስማቴ ራሱ ሲነገር ሌላ ጥፋት ሆኖ ተሰማኝ። ጋሽ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባልና ሚስት ስትነታረኩ እኔ መሃል ገብቼ ስቆስል ከረምኩ በለኛ» አሉ። አልሳቁም ግን። «ይሁን እስቲ። የዘንድሮው ማሾ አላህ ካለ በጥቅምት መጨረሻ ይገባል። እስከዚያ ቤቱ የሷ ነው። ከዚያ ወዲያ አልለምንህም፣ አንተም እንዳትለምነኝ።»

አመኑኝ ወይስ ዝም ብለው አለፉኝ? አላወቅኩም። ያን መጋዘን በጊዜው ባዶና ንጹሕ አድርጌ ካላስረከብኩ ግን ወላሂ ያልኩት ከአፍ የወጣ ነገር ሆኖ እንደሚቀር ገብቶኛል።

ቡችሎቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ ግንባራቸው ላይ የነበረው ነገር ይበልጥ ተገለጠ። ስድስቱም ቦቃ ናቸው። የሮቢት ሰው እየመጣ ያያል፤ አባታቸው ማን ነው ብሎ የጠየቀ አንድም የለም። ሽመልስ ከኮምቦልቻ ሲመለስ ገብቶ ግንባራቸውን አየ።

«ጀርመን አገርም ቦቃ አይጠፋም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ሕይወት ምን እንደሚመስል አልዘረዝርላችሁም። ጠዋት መጥረግ፣ ቀን ወተት፣ ማታ መጥረግ። ከረጢት ማጠብ፣ ማድረቅ፣ እንደገና ማጠብ። ስድስት ቡችላ ሲሸና አንድ ሰው ጠርጎ አይደርስበትም። ሱቄ በቀን ግማሽ ዝግ ሆነ፤ ያልተጠገነ ቬንትሌተር ተከምሮ ባለቤቶቹ በሬ ላይ በጋዜጣ እያራገቡ ይጠብቁኛል። ቁጭ ብዬ የቆጠርኩት ነገር ቢኖር የራሴን ትንፋሽ ነው።

በመጨረሻ መሸጥ ደረሰ ብዬ ዋጋ ስናገር ከተማው ዝም አለ። አንዲት የሆቴል ባለቤት «ውሻ ይሸጣል እንዴ?» ብለው በእውነት ተገርመው ሄዱ። ውብዓለም፣ ከፍልሰታ ወዲህ ያላናገረችኝ፣ ለዚህ ሲባል አፏን ፈታች፤ የውሻ ዋጋ ቤቴ አይገባም አለች። መምሬ ጥበቡም የውሻ ዋጋ እንኳን ለቤተ ክርስቲያን ለቤትም በረከት የለውም አሉኝ። እስቲ በዚያ በኩል ልሞክር ብዬ ባለሥጋ ቤቱን ብጠይቀው እሱም ሐራም ነው አለኝ። ሁለቱ ሃይማኖቶች በዚህ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ተስማምተዋል፤ የተስማሙት ግን በእኔ ላይ ነው።

ሽመልስ መፍትሔ አላጣም። «ውሻውን በነጻ ስጥ» አለ። «ገመዱን ሽጥ። የገመድ ዋጋ ያለ ነው።»

እንደዚህ ያለ ብልሃት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስድስት ሰማያዊ የናይለን ገመድ ገዛሁ፤ ጫፋቸውን በሻማ አቅልጬ አሳመርኩ። የመጀመሪያው ደንበኛ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬ ነበሩ። ቡችላውን አገላብጠው አዩ፣ እግሩን ጨበጡ፣ አደነቁ። ውሻው በነጻ መሆኑን ጠየቁ፤ በነጻ ነው አልኩ። የገመዱን ዋጋ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ገመዱን በእርጋታ ፈቱት፣ በሥርዓት ጠቀለሉት፣ በሁለት እጃቸው አስረከቡኝ። ከዚያ ከወገባቸው የራሳቸውን የቃጫ ገመድ አወጡ።

«ገመድ እኔም አለኝ» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ወሬው እስከ ማታ ከተማውን ዞረ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ሁሉ የራሱን ገመድ ይዞ ነው የመጣው፤ አንዷ መቀነቷን ፈትታ ነው የመጣችው። ተናደድኩ። ገመዴን ካልገዛችሁ አልሰጥም ብዬ አምስቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ላይ ስመለከት የጋሽ እንድሪስ ግቢ ውስጥ ከረጢት ተደርድሯል። ማሾው ገብቷል፤ ዘንድሮ ሞልቶላቸዋል። የሚገባበት ቤት ግን በኔ ቡችሎች ተይዟል። ጋሽ እንድሪስ ላስቲክ ዘርግተው ከረጢቶቹን እየሸፈኑ ነበር። አላዩኝም፣ አልጠሩኝም፣ አልለምንህም ብለው ነበርና አልለመኑኝም። በደብረ ሲና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ያ ዓመት ሙሉ የጠበቁት እህል በኔ ገመድ ምክንያት ሊበሰብስ ነው። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

አምስቱን ቡችሎች በካርቶን ይዤ ወጣሁ። «ገመዱም በነጻ!» እያልኩ ከመናኸሪያው እስከ መስኖው ዳር ሄድኩ። ብቸኩልም ዝም ብዬ አልበተንኳቸውም፤ የሐኪሟ ንግግር ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ጥላ አለህ? ውሃ ታጠጣለህ? ታስከትባለህ? እያልኩ መረመርኩ። አንድ የሆቴል ዘበኛ «ልጅህን ልትድር ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ፤ መልሶ ግን ሁሉንም በወግ መለሰልኝ፣ ሰጠሁት። አንዷን «ውሻ ይሸጣል እንዴ?» ያሉኝ የሆቴል ባለቤት ወሰዷት። የመጨረሻዋን ሳስረክብ ነፋሱ ተነስቷል።

ሮጬ ተመልሼ ምን ጎደለን ግቢዬ አሰርኳትና የመጋዘኑን ወለል በውሃ ማጠብ ጀመርኩ። አንዴ በአፈር አሸሁት፣ ከዚያ በውሃ፣ እንደገና በውሃ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ጋሽ እንድሪስ መጥተው በሩ ላይ፣ ከረጢት ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ባልዲውን ገልብጬ መጥረጊያውን ሳስደግፍ ተናገሩ።

«ስድስት ነው» አሉ። «አትስረቀኝ።»

ሰባተኛውን አጠብኩ። ወለሉን በደረቅ ጆንያ አደረቅነው፤ ከረጢቶቹን አብረን ተሸከምን። የመጨረሻው ሲገባ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ወረደ። እርጥብ ሆነን በሩ ሥር ቆምን። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ነበር።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ምን ጎደለ ግን የራሷ ሐሳብ ነበራት። ጠዋት ስነሳ ገመዷን በጥሳ፣ ቬንትሌተሩን ትታ፣ የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተጋድማለች። መለስኳት፤ ማታ ሄደች። እንደገና መለስኳት፤ እንደገና ሄደች። የጋሽ እንድሪስ ባለቤት የተረፈ ነገር በቆርቆሮ ሳህን ያስቀምጡላታል። ጋሽ እንድሪስን ይቅርታ ስጠይቅ እህልና ከብት ለመጠበቅ ከሆነ ውሻ መያዝ እንደሚፈቀድ ነገሩኝ፤ ወደ ቤት እስካልገባች ድረስ ትኑር አሉ። እንግዲህ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ከግንቦት ጀምሮ ያበላሁት እኔ፣ ሰባት ጊዜ ወለል ያጠብኩት እኔ፤ ቢያንስ ይህን ታስታውስ ይሆናል ብዬ ነበር።

ትናንት ማለዳ ላያት ብዬ ወደ መጋዘኑ ጠጋ አልኩ። ከተጋደመችበት ብድግ አለች፣ ጠጉሯን አቆመች፣ ጥርሷን አሳይታ ሰፈሩን በሚያነቃ ድምፅ ጮኸችብኝ። እዚያው ደርቄ ቆምኩ። የጋሽ እንድሪስ በር ተከፈተ፤ ኩታቸውን እንደተከናነቡ ብቅ አሉና እኔን አይተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ዝም በይ አንቺ» አሏት። «የቤት ሰው ነው።»